ቀድማ የደረሰችው ነጃት

«በልተሻል?» ብሎ የጻፈልኝ ማን ነው?

ጽሑፉ የደረሰኝ ጠዋት፣ ወደ አዲስ አበባ አየር ማረፊያ በሚወስደው ባቡር ውስጥ ቆሜ ሳለሁ ነው። ስሙ የእናቴ ነው። ፎቶው የእናቴ ነው። የተጠየቀችውን ትታ ስለ ምግብ መጠየቅም የእናቴ ጠባይ ነው። ከዚያ በፊት «እማዬ፣ እንዴት አደርሽ? ሐኪሙ ምን አለሽ?» ብዬ ጽፌላት ነበር። «በልተሻል?» አለችኝ። ወይም በእሷ ስም የሚመልሰው ነገር እንዲህ አለኝ። ስልኩን ኪሴ ከተትኩ፤ አወጣሁት፤ መልሼ ከተትኩት። ከጎኔ የቆመው ሰውዬ ቦታ ቀየረ።

አጎቴ ይማም ከኮምቦልቻ የደወለልኝ ጎህ ሲቀድ ነበር።

«ነጁ፣ እናትሽ ትንሽ አሟት ሐኪም ቤት ገብታለች። ትምጣልኝ ብላ ነው።»

«ምን ሆና?»

«ያው ሳንባዋ ነው። አዲስ ነገር የለም። አብሽሪ።»

«ላናግራት።»

«አፏ ላይ ኦክስጅን አድርገውላት እንዴት ታናግርሻለች? ጻፊላት፤ ትመልስልሻለች።»

«ትመልስልሻለች» ሲል ድምፁ ፈጠን አለብኝ። ወይም እንዲፈጥን የጠበቅሁት እኔ ነኝ።

«አጎቴ፣ መጋረጃ ጥላችኋል?»

ይህ የማይጠየቅ ጥያቄ ነው። ሰው ቤት ገብቶ የመኝታ ክፍል በር እንደመክፈት ይቆጠራል።

«አንቺ ልጅ፣» አለ፣ «ባሕር ማዶ ያስተማሩሽ ይሄንን ነው?»

መጋረጃው የመጣው እኔ ተማሪ ቤት ሳለሁ ነው። ከዚያ በፊት መርዶን የሚይዘው ሰው ነበር። ሩቅ ያለ ዘመድ ሰው ሲሞትበት ይደበቃል፤ በሰበብ ወደ አገሩ ይጠራል፤ ከዚያ ሽማግሌዎች ዙሪያውን ከበው፣ ቁጭ አድርገው ይነግሩታል። ስልክ ይህንን አበላሸው። አንዱ ያላወቀ «አላህ ይርሐማት» ብሎ ይጽፍና ልጅቷ አስፋልት መሀል ትወድቃለች። እናም መጋረጃ ተሠራ። ቤተሰብ መጋረጃ ከጣለብህ የሞት ወሬ ወደ ስልክህ አያልፍም። ለሟቹ ብትጽፍ በሟቹ አነጋገር መልስ ይመጣልሃል። ድምፅ ብቻ ተከልክሏል፤ ሕጉ ድምፅ ነውር ነው ብሏል፣ ጽሑፍ ግን ነውር አይደለም። መጋረጃው የሚነሣው አገርህ ስትደርስ ነው። መገኛህ እዚያ ሲመዘገብ የሟቹ ስልክ ዝም ይላል፤ የቀረውን ሰው በአፉ ይነግርሃል። ሕዝቡ ይወደዋል። አዛኝ ነው ይሉታል።

አባቴ እንድሪስ ሲሞት ቡሳን ነበርኩ። የወደብ ምሕንድስና እማር ነበር፤ ባሕር የሌለው አገር ለወደብ መሐንዲስ ምን እንደሚያደርግለት ማንም አስቀድሞ አልነገረኝም። የመጨረሻው ፈተናዬ እስኪያልቅ አባቴ በየቀኑ ጻፈልኝ። ስለ ዝናቡ ጻፈ፤ ስለ ጎረቤታችን ፍየል ጻፈ። አንድ ቀን አንድ ቀልድ ነገረኝና ምግብ ቤት ውስጥ ብቻዬን ሳቅሁ፤ ኮሪያውያኑ ዞረው አዩኝ። ያን ቀልድ የጻፈልኝ ጊዜ የአባቴ መቃብር ላይ ሣር በቅሎ ነበር። ኮምቦልቻ ስገባ ስልኩ ዝም አለ፤ አጎቴና ሽማግሌዎቹ ተነሥተው ወደ እኔ መጡ። ከዚያ ወዲህ ማንም ምን ቢጽፍልኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ማን ጻፈው ብዬ ነው። ተመልሼ ሞጆ ደረቅ ወደብ ተቀጥሬያለሁ። ሰው ቤት ስገባ ቁጭ ማለት አይሆንልኝም፤ ሰው የሚለኝ «አንቺ አትቀመጪም እንዴ?» ነው።

«የምሽቱን በረራ ነው ያገኘሁት፣ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ» አልኩት ለአጎቴ፣ ትኬት ቆርጬ መልሼ ስደውልለት።

«ቀደም ያለ የለም?»

«ሞልቷል።»

«እስቲ ደግመሽ እዪው። ከዐስር ሶላት በፊት ብትደርሺ ጥሩ ነበር።»

«ለምን?»

«ለምን ይባላል እንዴ! ከዚያ በኋላ ጠያቂው ይበዛል ብዬ ነዋ።»

እኛ ዘንድ የሞተ ሰው አያድርም። የዐስር፣ የከሰዓቱ ሶላት ተሰግዶ ሲያበቃ ጀናዛው ይወጣል። አጎቴ ሲጠነቀቅ ሲጠነቀቅ አንዲት ነገር አምልጣው ይሆናል። ወይም በእውነት ስለ ጠያቂ ብዛት አስቦ ይሆናል፤ የወሎ ጠያቂ ሲበዛ በሽተኛ ያደክማል። ሁለቱንም አመንኩ። ከንጋት ጀምሮ እንዲህ ነበርኩ፦ ግማሽ ልቤ የታመመች እናቴን ሊጠይቅ ይሄዳል፤ ግማሹ ሊቀብራት ይሮጣል።

በመኪና የመሄድ ነገር አይነሣም። የደሴ መንገድ ለሰው ከተዘጋ ቆይቷል። አሽከርካሪ የሌላቸው የጭነት መኪናዎች ቀንና ሌት ይሄዱበታል፤ ሰው ሲገባባቸው ይቆማሉ፣ ሲቆሙ ደግሞ አገር ይራባል ተብሏል። ወደ ኮምቦልቻ ኮንቴይነር በየቀኑ እልካለሁ። አንድም ጠፍቶብኝ አያውቅም።

አየር ማረፊያው ገብቼ ሻንጣዬን ማሽኑ ላይ ሳስቀምጥ ስክሪኑ ብልጭ አለ። የሰባት ሰዓቱ በረራ ላይ አንድ ወንበር ተለቋል። «በዕለቱ ወደ ቀደመ በረራ ይለውጣሉ?» አለኝ። ነካሁት። አረንጓዴ ሆነ። ሻንጣዬ ተንሸራቶ ሄደ። «አላህ ይስጥህ» አልኩት ማሽኑን።

ለእናቴ ጻፍኩላት። «እማዬ፣ ቀድሜ ልመጣ ነው። ስምንት ሰዓት ሳይሞላ እደርሳለሁ።»

«አትቸኩዪ ልጄ። በልተሻል?»

ሙከራ ልሥራ ብዬ አሰብኩ። «እማዬ፣ ቡሳን ስሄድ በር ላይ ምን ብለሽኝ ነበር?» ምንም አላለችኝም ነበር። ሻንጣዬን ከፍታ በሶ ጨመረችበትና ጉልበቷን ጭናበት ዘጋችው። ይህ የትም አልተጻፈም።

መልሱ ቆየት ብሎ መጣ። «እሱን ስትመጪ በአካል እናወራዋለን።»

ስልኩን አፍጥጬ አየሁት። መጋረጃ እንዲህ ሊል ይችላል። እናቴም ቃል በቃል እንዲህ ትላለች፤ ዕድሜዋን ሙሉ ለጥያቄ ያላት መልስ ይኸው ነው። እናቴን መምሰል ቀላል ነበር።

ሰባት ሰዓት ሊሞላ ሲል ሰው ተሰለፈ። መግቢያው ላይ የመስታወት በር አለ፤ ፊትህን ያይና ይከፈታል። ከፊቴ የነበሩት ገቡ። እኔ ስቀርብ አልተከፈተም። ጽሑፍ ወጣ፦ «ነጃት እንድሪስ ተሳፍረዋል። መልካም በረራ ይሁንልዎ።»

ወደ ኋላ ብዬ እንደገና ቀረብኩ። «ተሳፍረዋል።» ሻርፔን አወለቅሁ። «ተሳፍረዋል።» ከኋላዬ ያለች ሴትዮ «እኅቴ፣ አንቺ ገብተሻል እኮ፣ እኛን አሳልፊን» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ ጽሑፉን አንብባ ነው። ገለል አልኩላት።

ከበሩ ጎን «የሰው አገልግሎት» የሚል ጠረጴዛ አለ። ቢጫ ሰደርያ የለበሰ ጎልማሳ ተቀምጧል። ደረቱ ላይ «እሸቴ - አግባቢ» ይላል።

«ጋሼ፣ አውሮፕላኑ ጥሎኝ ሊሄድ ነው!»

«ስምሽን ልይ... ነጃት። ውስጥ ነሽ እኮ፣ እኅቴ። መስኮት ጋ ደርሶሻል፤ ደስ ይላል።»

«እዚህ ቆሜ እያዩኝ?»

«እኔማ አየሁሽ። የእኔ ማየት ምን ይሠራልሻል? ስም ማስገባትም ማስወጣትም አልችልም።»

«ታዲያ እርስዎ ምንድን ነው የሚሠሩት?»

«ሰው ሲጮህ አረጋጋለሁ። ጩኺ፣ ምንም አይደል። የተቀጠርኩት ለዚህ ነው።»

ጮህኩ። መስታወቱን በሁለት እጄ ደበደብኩት። «እናቴ ናት! እናቴ ዘንድ ነው የምሄደው!» አልኩ። አንድ ሕፃን አለቀሰ። እሸቴ ተነሥቶ አጠገቤ ቆመ፤ እጁን ትከሻዬ ላይ ሊያደርግ ዘረጋና መለሰው። አውሮፕላኑ ወደ ኋላ ተገፋ፣ ዞረ፣ ሄደ። መስኮቶቹን አየሁ። ከመስኮቶቹ ባንዱ በኩል እኔ ተቀምጫለሁ።

«ነገሩ እንዲህ ነው» አለ እሸቴ ትንፋሼ ሲመለስ። «በረራሽን ስትለውጪ ሁለት ነጃት ሆንሽ። የሰባት ሰዓቷ እና የምሽቷ። ሻንጣሽ ለሰባት ሰዓቷ ተጫነ። ሻንጣ ያለ ባለቤቱ አይበርም፤ ሕግ ነው። ስለዚህ ሻንጣው ከገባ እሷም ገብታለች። አንቺ የምሽቷ ነሽ፤ ቀድመሽ መጣሽ።»

«እሺ፣ በምሽቱ ልሂድ።»

«የምሽቷ ተሰርዛለች። አንድ ሰው በአንድ ቀን ሁለቴ ኮምቦልቻ አይሄድም።»

«ስሕተት ነው በሏቸው!»

«ስሕተት የሚታረመው ባለጉዳዩ ባለበት ከተማ ነው። ኮምቦልቻ ስትደርሺ እዚያ ካለው ማሽን ፊት ቀርበሽ አልመጣሁም በዪ።»

ፊቱን አየሁት። እየቀለደ አልነበረም። እሱም የተናገረውን ሰምቶ ዓይኑን ወደ ጠረጴዛው መለሰ።

አውሮፕላኑ ሲያርፍ ያወቅሁት በስልኬ ነው። «እንኳን ወደ ኮምቦልቻ በደህና መጡ፣ ነጃት። ሰማዩ ብሩህ ነው፤ ቀለል ያለ ነፋስ አለ።» የስልኬ ካርታ ተገለበጠና የልጅነቴን ሰፈር አሳየኝ። ወዲያው የተቀመጥኩበት ወንበር ቀስ ብሎ ታጠፈ። ሰው የለበትም ብሎ ነው። ተነሥቼ ቆምኩ።

አጎቴ ደወለ። ከጀርባው ብዙ ጫማ ይሰማል።

«ነጁ! ሻንጣሽ ወጥቷል፤ አንቺ የት ቀረሽ?»

«አጎቴ፣ አዲስ አበባ ነኝ። አላሳፈሩኝም።»

«ምን ማለት ነው? ደርሳለች ይላል እኮ! እነ ሸህ ዓሊም አይተውታል።»

«እነ ሸህ ዓሊ አብረውህ ናቸው? ስንት ሰው ሆናችሁ ነው የመጣችሁት?»

«ያው... ሁለት ሦስት ሰው ነን። ልንቀበልሽ።»

«እማዬ ጋ ማን ቀረ?»

ጫማዎቹ ሁሉ ቆሙ።

«ሰው አለ» አለ። «ሰው አለ፣ ልጄ። ሴቶቹ አሉ።»

«ደህና ናት?»

«አልሐምዱሊላህ ደህና ናት። አንቺን ትጠብቃለች።»

«ጠብቁኝ፣ አጎቴ።» በምን እንደሆነ አልተናገርኩም። «እባክህ፣ እስክደርስ ጠብቁኝ።»

«እንጠብቅሻለን» አለ። «እንጠብቅሻለን እንጂ፣ ምን እናደርጋለን።» ስልኩ ተዘጋ።

አንድ ነገር የገባኝ ከዚያ በኋላ ነው። አጎቴ አላሰበበትም፤ እኔም እስከዚያች ደቂቃ አላሰብኩበትም ነበር። በመዝገቡ እኔ አገሬ ገብቻለሁ። መጋረጃ ተጥሎብኝ ከነበረ ተነሥቷል። ከአሁን በኋላ የእናቴ ስልክ ከመለሰልኝ የመለሰችልኝ እናቴ ናት፤ ካልመለሰልኝም...

ስልኩን ከፈትኩ። የመጨረሻው መስመር «እሱን ስትመጪ በአካል እናወራዋለን» ነው። ከላዩ «አትቸኩዪ ልጄ። በልተሻል?» አለ። ለዚህኛው መልስ አልሰጠሁትም ነበር። ጣቴን መጻፊያው ላይ አሳረፍኩና አነሣሁ።

አልጻፍኩም። ይልቅ መሮጥ ጀመርኩ።

ወደ ሌላ አየር መንገድ መስኮት ሮጥኩ፤ «ኮምቦልቻ ላለ ሰው ከዚህ ትኬት አንቆርጥም» አለኝ። ወደ ጭነት ክፍል ወረድኩ፤ በሩ አላየኝም። ደረጃው ቆመብኝና በእግሬ ወጣሁት። ለሥራ ባልደረባዬ ደውዬ «ኮንቴይነር ውስጥ ክተቱኝ» አልኩት፤ ሳቀ፣ ከዚያ ሳቁን አቆመ፣ «ነጃት፣ ኮንቴይነሩ ውስጥ እኮ አየር የለም» አለኝ። የጽዳት ማሽኑ መጥቶ ጫማዬን ሁለቴ ገፋው። ወለሉ ላይ የቀረ ዕቃ መስዬዋለሁ።

ውዱእ ላድርግ ብዬ መታጠቢያ ቤት ገባሁ። ቧንቧው ሥር እጄን አቀረብኩ፤ ውሃ የለም። ሌላው ቧንቧም እንዲሁ። አንዲት ልጅ ያዘለች ሴት ከመስታወቱ ውስጥ አየችኝ።

«መገኛሽ ሌላ ቦታ ነው?»

«ኮምቦልቻ።»

«እኔን አንዴ እንዲህ አድርጎኛል፤ ሐዋሳ ነሽ ብሎ። ነይ፣ በኔ ታጠቢ።» እጇን ዘረጋች፤ ውሃው መጣ። እጇን እስክጨርስ ሳታነሣ ያዘችልኝ። «ማን ጋ ነው የምትሄጂው?» አለችኝ።

«እናቴ ጋ።»

«አላህ ያድርስሽ» አለች። ሌላ አልጠየቀችም። ፊቴ ላይ ያየችውን አይታለች።

ወደ እሸቴ ተመለስኩ። እስከዚያ ድረስ አለቃውን ሲለማመጥ ቆይቶ መልስ ይዟል። የያዘው መልስ ራሱ እንዳሳፈረው ያስታውቃል።

«አንድ መንገድ አለ። ከኮምቦልቻ ወደዚህ የሚመለስ በረራ በስምሽ እንያዝ። ማታ ትመለሻለሽ፤ ማለት፣ እዚህ ትመዘገቢያለሽ። ነገ ጠዋት ደግሞ አዲስ ትኬት ይቆረጥልሻል።»

«ነገ ጠዋት ምን ያደርግልኛል?»

«አላውቅም፣ እኅቴ። ያለው እሱ ነው።»

«ዐስር ሶላት ሊደርስ ነው።»

እሸቴ ክርስቲያን ነው፤ አንገቱ ላይ ማተብ አለ። ግን ገባው። ወንበሩን ስቦ አመጣልኝ። የራሱን፣ የማይታጠፈውን። ተቀመጥኩ። ለመጀመሪያ ጊዜ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ።

«እናትሽ ማረፏን እርግጠኛ ነሽ?» አለኝ ቀስ ብሎ። «ማለት፣ ነግረውሻል?»

«ማንም አልነገረኝም። መጋረጃ ካለ ግን አሁን ተነሥቷል። ብጽፍላት አውቀዋለሁ።»

«እና አልጻፍሽም።»

«አልጻፍኩም።»

ራሱን ነቀነቀ። «እኔ ብሆን አልጽፍም ነበር። እስካልጻፍሽ ድረስ እኮ አለች።»

ይህን ሲል አባቴ ትዝ አለኝ። ያ ቀልድ፣ ምግብ ቤት ውስጥ ብቻዬን የሳቅሁት። ሰው ይህን እንደ ደግነት ይቆጥረዋል። ለእኔ ግን አባቴ ሁለቴ ነው የሞተው፤ ሁለተኛው ሞት የመጣው እኔ ስስቅ እሱ እንዳልነበረ ያወቅሁ ዕለት ነው። እናቴንም ስልክ ውስጥ አስቀምጬ፣ መልስ በማልጠይቃት ቁጥር በሕይወት እያቆየኋት ልኖር እችላለሁ። አጎቴ ሲመሽበት ይደውላል፤ ስልኩን አላነሣም፤ ነገም አላነሣም።

ስልኬ እጄ ላይ ተንቀጠቀጠ። አዛን ነው። ለኮምቦልቻ የተሞላው የሶላት ጥሪ፣ ኮምቦልቻ ላለችው ነጃት። አሁን እዚያ ሰዎች ይሰለፋሉ። አጎቴ መንገዱን አንድ ጊዜ ዞሮ ያያል። ሸህ ዓሊ እጃቸውን ትከሻው ላይ ያደርጋሉ። ወይም ይህ ሁሉ የለም፤ እናቴ ሐኪም ቤት አልጋዋ ላይ ኦክስጅኑን ከአፏ ገፋ አድርጋ ልጄ ለምን አልመለሰችልኝም እያለች ነርሷን እያስቸገረች ነው።

ከንጋት ጀምሮ እህል አልቀመስኩም ነበር። ጣቴን መጻፊያው ላይ አሳረፍኩ።

«እማዬ፣ በልቻለሁ።»

ተልኳል አለ። ትንሽ ቆይቶ ደርሷል አለ። እሸቴ ጠረጴዛው ፊት የቆሙትን ሰዎች በእጁ ምልክት ወደ ሌላ መስኮት መለሳቸውና አጠገቤ መጥቶ ቆመ። አዛኑ አለቀ። ስልኩን በሁለት እጄ ይዤ ጠበቅሁ።